ሁለት መለኪያ ለአንድ አየር

ወርቂ የጠዋቱን የሳይንስ ክፍለ ጊዜ ጨርሳ፣ የጠመኔውን ብናኝ ከእጇ እያራገፈች ስትወጣ፣ አንድ የማታውቃቸው ሽማግሌ በምሥራቅ ሱዳን የቱነይድባ የስደተኞች ካምፕ ትምህርት ቤትን አጥር ተደግፈው ቆመው አገኘቻቸው። ነጭ ጀለቢያ ለብሰዋል፤ ጥምጥማቸው የመንገድ አቧራ ጠጥቷል። ላያቸው ሰው ሱዳናዊ ናቸው። አፋቸውን ሲከፍቱ ግን የወጣው ጥርት ያለ የጎንደር አማርኛ ነበር።

«እንደምን ዋልሽ፣ እህቴ። ሑመራ አየር መለኪያ ጣቢያ ትሠራ የነበረችው ወርቂ አንቺ ነሽ?»

በሰሜን ኢትዮጵያ የተነሣውን ጦርነት ሸሽታ ሰቲት ወንዝን ከተሻገረች ወዲህ፣ ስሟን እየጠራ የሚመጣ እንግዳ ሁሉ መርዶ የያዘ ይመስላታል።

«ነኝ። ምነው፣ ምን ተገኘ?»

«ኧረ ክፉ አይደለም፣ አትደንግጭ። ዩኑስ እባላለሁ። ገዳሪፍ፣ ከከተማው ወጣ ብላ ያለችውን የአየር ጠባይ ጣቢያ የምይዛት እኔ ነኝ። አንድ ነገር ላሳይሽ ብዬ ነው ይህን ሁሉ መንገድ የመጣሁት።» ስልካቸውን ከኪሳቸው አውጥተው፣ ፀሐዩን በመዳፋቸው ከልለው ዘረጉላት።

ፎቶው ላይ ያለው አንድ ግራጫ የብረት ሣጥን ነው። አንድ ጎኑ ሰርጉዷል፤ ማብሪያ ማጥፊያው ተነቅሎ በቦታው ቀዳዳ ቀርቷል። ፊቱ ላይ ግን በሰፊ ፕላስተር የታሸገ አንድ ቁራጭ ወረቀት እስከ ዛሬ አልተላጠም። በትልልቅ ፊደል እንዲህ ይላል፦ «አትንኩኝ፤ እየተነፈስኩ ነው።»

ወርቂ ሳቅ አመለጣት። ሳቋ ሳያልቅ ዓይኗ እንባ ሞላ። ጽሕፈቱ የሥራ ባልደረባዋ የሓይሉ ነው። ይህን ያህል ዘመን ሲጽፍ «ፈ»ን እንዳጋደላት የሚኖር ከሓይሉ በቀር ሌላ ሰው አታውቅም።

«የት አገኙት?» አለቻቸው፣ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን እየጠረገች።

«ገዳሪፍ ገበያ። ቱርካ ከሚባል የኸርዳ፣ የውዳቂ ዕቃ ነጋዴ ዘንድ፣ ከአሮጌ ብረትና ከተሰበረ ማራገቢያ መካከል። ማይክሮፎን የሚሰካበት የሠርግ ማጉያ ነው እያለ ሲያሻሽጥ ደረስሁ። እኔ ገና ከሩቅ ሳየው የአየር መለኪያ መሆኑን አወቅሁ። ቀረብ ብዬ አማርኛውን ሳነብ ደግሞ፣ ይህ ከወዲያ ማዶ የመጣ ነው አልሁ። ከዚያ በኋላ ያገኘሁትን የሑመራ ሰው ሁሉ ስጠይቅ ከረምሁ፤ ይኸው አንቺ ዘንድ አደረሱኝ።»

ትምህርት ቤቱ አጠገብ ካለች የሻይ ቦታ አረፍ አሉና ዩኑስ የመጡበትን ነገር በዝርዝር አወጉ። አባታቸው ከጎንደር ወደ ገላባት በግመል ሲነግዱ የኖሩ ናቸው፤ በሰባዎቹ ግርግር ቤተሰባቸውን ይዘው ገዳሪፍ ቀሩ። ዩኑስ እዚያው አደጉ፤ ካርቱም ተማሩ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የገዳሪፍን ዝናብና ንፋስ ሲለኩ ኖሩ። አሁን ደግሞ የውጭ ተመራማሪዎች ለምሥራቁ ክፍል የላኩት አንድ አዲስ የኦዞን መለኪያ፣ ካርቱም ሊገባ ሲል የሱዳኑ ጦርነት ተነሣና በፖርት ሱዳን ዞሮ እጃቸው ላይ ወደቀ።

«አዲሱ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ከሌላ መለኪያ ጋር ጎን ለጎን ቆሞ መታየት አለበት» አሉ። «ብቻውን የሚናገር መሣሪያ ማን ያምነዋል? ሌላውን ደግሞ ከየት ላምጣ እያልሁ ስጨነቅ ነው ያንቺን ገበያ ውስጥ ያገኘሁት። ግን አይነሣም። እኔ ይህን ዓይነቱን ፈትቼ አላውቅም።»

ወርቂ ሻይዋን ሳትቀምስ ብርጭቆውን በሁለት እጇ ይዛ ቀረች። «ይነሣል» አለች።

* * *

ወርቂና ሓይሉ ሑመራ ሳሉ ጣቢያዋ ከከተማው ወጣ ብላ ጉብታ ላይ የተሠራች አንዲት ክፍል ቤት ነበረች። ከበሯ ሲቆሙ እስከ ሰቲት ድረስ የሰሊጥ ማሳ ነው። አበባው በሚወጣበት ወራት ሜዳው ሁሉ ነጣ ያለ ሐምራዊ ይሆንና ንቡ ድምፁ ከሩቅ ይሰማል። ወርቂ ገና ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ ወጥታ እዚያ ስትመደብ ሓይሉ ቀድሟት ገብቶ ነበር። ቀጭን ነው፣ ሲናገር እጁን ያወናጭፋል፣ ሙቀቱን ፈርቶ እርጥብ ፎጣ አንገቱ ላይ ሳይጠመጥም አይውልም። ሁለቱን ከሩቅ ያየ ሰው ባልና ሚስት ናቸው ይላል፤ የቀረባቸው ሰው ደግሞ ሲጨቃጨቁ ሰምቶ እውነትም ናቸው ይላል። አልነበሩም። እሱ ሚስት ነበረው፤ እሷ ደግሞ የሓይሉን ሚስት እንደ እህቷ ነው የምትወዳት። የተጋቡት ከሥራው ጋር ነበር።

ሥራቸው ኦዞንን መለካት ነው። ኦዞን በሰማይ ከፍታ ሲሆን ከፀሐይ ጨረር ይከልላል፤ ከመሬት አጠገብ፣ ሰውና ሰብል በሚተነፍሱት አየር ውስጥ ሲበዛ ግን ቅጠል ያቃጥላል፣ ደረት ያሳምማል። መጠኑ ከአየሩ ቢሊዮን እጅ ሠላሳ፣ አርባ ቢሆን ነው፤ ዓይን አያየውም፣ አፍንጫም አይደርስበትም። ግራጫው ሣጥን ግን በቱቦ አየር እየሳበ፣ በውስጡ ባለች መብራት ያበራበታል። ኦዞን ያንን ብርሃን ይውጣል። ብዙ ብርሃን ከጎደለ ብዙ ኦዞን አለ ማለት ነው።

ጭቅጭቁ የመጣው ከዚህ ነው። በየዓመቱ፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ገበሬው ማሳውን ለማጽዳት የሰሊጡን አገዳና ቁጥቋጦውን ያቃጥላል። የዚያን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ቁጥሩ ሽቅብ ይወጣል፤ ሓይሉ ፎጣውን እያውለበለበ ይመጣል።

«አየሽ? ጭሱና ፀሐዩ ሲገናኙ ኦዞን ይወለዳል። አየሩ ነው የተቀየረው!»

«አየሩ አይደለም» ትላለች ወርቂ። «መሣሪያው ነው የተታለለው። ጭስ ውስጥ ያለ ስንት ነገር አለ ያንኑ ብርሃን የሚውጥ! ይህ ምስኪን ብርሃኑ መጉደሉን እንጂ ማን እንደዋጠው በምን ያውቃል?»

«በእኔ መሣሪያ አትምጭብኝ።»

«ያንተ ብቻ ነው እንዴ?»

ጭቅጭቁ ከማንጎው ጥላ ሥር ምሳ ሲበሉ ይቀጥላል፤ ማታ ወደ ከተማ ሲመለሱ በባጃጁ ውስጥ ይቀጥላል፤ የሓይሉ ሚስት እራት ስታቀርብ ዝም በሉ እስክትላቸው ይቀጥላል። መፍረጃው አንድ ብቻ ነበር፦ በሌላ ዘዴ የሚሠራ ሁለተኛ መለኪያ አምጥቶ፣ በአንድ ቱቦ አንድ አየር አጠጥቶ፣ ሁለቱን ማስተያየት። እሱን ደግሞ በየዓመቱ ይጠይቃሉ፤ በየዓመቱ ለከርሞ ይባላሉ።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ወርቂ ወንዙን ተሻግራ ሱዳን ገባች። ሓይሉ ቤተሰቡን ይዞ በሌላ አቅጣጫ ሄደና ከብዙ መከራ በኋላ መቀሌ ደረሰ። ስልክ ከተከፈተ ወዲህ አልፎ አልፎ ይደዋወላሉ። ግን የሚያወሩት ማን ተገኘ፣ ማን ተቀበረ፣ የማን ቤት ቆሟል የሚለውን ነው። ስለ ሥራቸው አንድም ቀን አንስተው አያውቁም። ጣቢያዋን ማንሣት የሆነ የሞተ ሰው ስም እንደ መጥራት ሆኖባቸው ሁለቱም ከነገሩ ይሸሹ ነበር።

* * *

ከካምፕ መውጫ ፈቃዱን፣ ተስሪሁን፣ ዩኑስ ቢሮ ለቢሮ ተንከራትተው አወጡላት። ትምህርት ቤቱ ለፈተና ሲዘጋ ወርቂ በሎሪ ተሳፍራ ገዳሪፍ ገባች፤ ማረፊያዋም የዩኑስ ቤት ሆነ። ባለቤታቸው ናጂያ ገዳሪፍ ተወልደው ገዳሪፍ ያደጉ ናቸው፤ አማርኛውን ከአማቶቻቸው ለምደው አቀላጥፈው ይናገሩታል፣ ሲናደዱ ወይም ሲደሰቱ ግን ወደ ዓረብኛው ይዞራሉ።

«አህለን፣ አህለን! ግቢ ልጄ። ይህ ሽማግሌ ከሣጥኑ ጋር ሊያወራ ምንም አልቀረው፤ ሰው መጣለት፣ አልሐምዱሊላህ።»

ጣቢያዋ ከከተማው ዳር፣ ማሽላ ከሚከማችባቸው ትልልቅ ጎተራዎች አለፍ ብላ ናት። መብራት ከጠፋ ሰነባብቷል፤ ሁሉም ነገር የሚሠራው ጣራው ላይ በተዘረጉት የፀሐይ ሰሌዳዎችና በታች በተደረደሩት ባትሪዎች ነው። አዲሱ መለኪያ ነጭና ንጹሕ ሆኖ መደርደሪያው ላይ ተቀምጧል። አሮጌው ወለሉ ላይ ነው።

ወርቂ አጠገቡ ተንበረከከችና ወዲያው አልነካችውም። ዩኑስም ገባቸውና ውኃ ሊያመጡ ነው ብለው ወጡ። ብቻዋን ስትቀር ሰርጓዳውን በመዳፏ ዳበሰችው። የሑመራ ሙቀት፣ የሓይሉ እርጥብ ፎጣ፣ ሰኞ ጠዋት ጣቢያውን ስትከፍት የሚቀበላት የታፈነ የቀለምና የብረት ሽታ፣ ሁሉም በአንዴ መጣባት። ከዚያ መፍቻ አነሣች።

መብራቷ አልተሰበረችም። ውስጥ ያለው የመስተዋት ቱቦ አቧራና የሸረሪት ድር ሞልቶታል፤ እሱን በአልኮል አጠበችው፤ በተነቀለው ማብሪያ ፈንታም ሽቦዎቹን በቀጥታ አገናኘች። የባሰው ፓምፑ ነበር፤ አየር የሚስብለት ስስ ላስቲክ ተቀዷል። ዩኑስ ከመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ ቆርጠው አመጡና «ይህ ግን አየሩን አያበላሸውም?» ብለው ጠየቁ።

«ፓምፑ ከመለኪያው በኋላ ነው፣ ጋሽ ዩኑስ። አየሩ ተለክቶ ካለቀ በኋላ ነው እዚያ የሚደርሰው።»

«እሱን አላሰብሁትም» አሉና ላስቲኩን በመቀስ አከበቡት።

ሲከፈት ሣጥኑ አንዴ አሳለው፣ አንዴ አስነጠሰው፣ ከዚያ የድሮ እንጉርጉሮውን ያዘ። ወርቂ ያንን ድምፅ ስትሰማ ጀርባዋን ለዩኑስ ሰጥታ መስኮቱ ዘንድ ሄደች።

አዲሱ ኦዞንን የሚያውቅበት ዘዴ ሌላ ነው። ከአንድ ትንሽ ሲሊንደር ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል ጋዝ ይቀዳና ከአየሩ ጋር ይቀላቅለዋል፤ ጋዙ ኦዞን ሲያገኝ ጥቂት ብርሃን ይፈነጥቃል፤ መሣሪያው የሚቆጥረው ያችን ብልጭታ ነው። ጭስ አያታልለውም። ችግሩ ሲሊንደሩ ነው። ካለቀ ሌላ እስኪመጣ ወራት ይፈጃል፤ መንገዱም መንገድ አይደለም።

ከጣራው በላይ ከተተከለ እንጨት ጫፍ አንድ ነጭ ቱቦ አወረዱና ለሁለቱም አካፈሉት። መጀመሪያ አሮጌው ከአዲሱ በጣም ዝቅ ብሎ ሲያነብ ሰነበተ። ዩኑስ ተስፋ ሊቆርጡ ደረሱ።

«በቃ አርጅቷል፣ ልጄ።»

«ቆሽሾ ነው የመጣው። ውስጡ የቀረው ቆሻሻ ኦዞኑን ራሱ ይበላዋል። ይጥገብ፣ ይተዉት።»

እውነትም ጠገበ። ከቀን ወደ ቀን እየተጠጋ ሄዶ፣ አንድ ጠዋት ስክሪኑ ላይ ያሉት ሁለት መስመሮች አንዱ ባንዱ ላይ ተኛ። ቱቦዎቻቸውን አለዋወጧቸው፤ አልተለያዩም። በከሰል የተጣራ አየር ሰጧቸው፤ ሁለቱም ወደ ዜሮ ወረዱ። ዩኑስ እጃቸውን አጨበጨቡና ናጂያ ከቤት የላኩትን ፉል እያቀራረቡ፣ «ይህ ሣጥን ስንት ሎሪ ላይ ተወርውሮ፣ ስንት እጅ ላይ ወድቆ፣ ዛሬም እውነት ይናገራል?» አሉ።

«ገና ነው፤ ጭስ አልመጣም» አለች ወርቂ።

አልመጣምም። በዓመቱ በዚህ ወቅት ከድንበሩ እርሻዎች፣ ከፋሽጋ በኩል ጭስ መታየት ነበረበት። ዘንድሮ ግን ብዙው ማሳ ሳይታረስ ከርሟል፤ ድንበሩ ያልተረጋጋ፣ ነዳጁ የጠፋ፣ ሠራተኛው የተበተነ ነው። ወርቂ በየማለዳው ጣራው ላይ ወጥታ ወደ ምሥራቅ ታያለች። አድማሱ ንጹሕ ነው። ከዚያ ወርዳ የሲሊንደሩን መለኪያ ታያለች። መርፌው በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ወደ ግራ ይተኛል።

«አዲሱን አጥፍተን ጭሱ ሲመጣ ብንከፍተውስ?» አሉ ዩኑስ።

«ጠፍቶ የተከፈተ መሣሪያ እስኪረጋ ጊዜ ይወስዳል። ጭሱ ያን ጊዜ ቢያመልጠንስ?»

«ካላጠፋነው ደግሞ ጋዙ ያመልጠናል።»

ሁለቱም ልክ ናቸው። በመጨረሻ የተስማሙት ጋዙን በቀን እንዲከፍቱ፣ ሲመሽ እንዲዘጉ ነው። ወርቂ በዚያ ሰሞን ለሓይሉ ለመደወል ስንት ጊዜ ስልኳን አንስታ አስቀመጠች። ምን ልበለው? መሣሪያው ተገኘ ብላ ጀምራ፣ ምንም ሳይፈረድ ጋዝ አለቀ ልትለው? ቁስሉን በከንቱ ልትነካበት አልፈለገችም። ውጤት ሳልይዝ አልደውልም አለች።

* * *

ጭሱን መጀመሪያ ያወቁት ናጂያ ናቸው። ምሳ ይዘው ወደ ጣቢያው ሲመጡ ገና ከበሩ ላይ አፍንጫቸውን በልብሳቸው ጫፍ ሸፍነው፣ «ሐሪቅ! ሐሪቅ አለ፤ የምን እሳት ነው ይህ?» ብለው ጮኹ።

ወርቂ ደረጃውን እየዘለለች ጣራው ላይ ወጣች። ንፋሱ ዞሮ ከምሥራቅ ነው። ከፋሽጋ በኩል፣ ሜዳው ከሰማዩ ከሚገናኝበት፣ ቡናማ ጭስ ተነሥቶ እንደ ተዘረጋ ጨርቅ ወደ ከተማዋ እየመጣ ነው። ወዲያው ሽታው ደረሰ።

የሰሊጥ አገዳ ጭስ ከሌላው ጭስ ይለያል። በአገዳው ላይ የቀረ ዘይት አለውና ጭሱ ትንሽ ጣፋጭነት አለበት፤ ከጉሮሮ ላይ ይቀራል። ወርቂ ከሑመራ ከወጣች ወዲህ ይህን ሽታ አላሸተተችም። እዚያው ጣራ ላይ ቁጭ አለች። ሁሉ ነገር ነበረበት፤ ከገበያ የሚመለሱ ትራክተሮች፣ ለአጨዳ የመጣው የቀን ሠራተኛ ማታ ማታ የሚዘፍነው፣ እናቷ በረንዳው ላይ ልብስ ጭስ እንዳይገባው እያሉ ሲሰበስቡ። ቤቱ ዛሬ ማን እንደሚኖርበት አታውቅም። ሽታው ግን እንደ ነበረ ነው።

«ወርቂ!» ከታች ዩኑስ ተጣሩ። «ነይ ልጄ፣ እየተለያዩ ነው!»

ወረደች። ስክሪኑ ላይ ሳምንታት ሙሉ አብረው ሲሄዱ የነበሩት ሁለት መስመሮች ተራርቀዋል። ማለዳ ሁለቱም ሃምሳ ግድም ነበሩ። አሁን አሮጌው ሽቅብ ተተኩሶ መቶ ሊደርስ ነው። ወርቂ ይህን ታውቀዋለች፤ ሑመራ በጭስ ወራት መስመሩ ላይ ይወጣ የነበረው ጉብታ ያውና። ዓይኗን ወደ አዲሱ መለሰች። እሱም ወጥቷል። እንደ አሮጌው አይደለም፤ ግን ቆሞም አልቀረም፤ ሰባን አልፏል።

«እንግዲህ ምን ማለት ነው?» አሉ ናጂያ የምሳውን ሰሃን እንደያዙ።

ወርቂ ጭሱ እስኪያልፍ፣ ንፋሱ እስኪዞር፣ ሁለቱ መስመሮች ወርደው እንደገና እስኪገናኙ ድረስ ከወንበሯ አልተነሣችም። በማግሥቱም ጭስ መጣ፤ በማግሥቱም ያው ሆነ። ከዚያ በኋላ ሲሊንደሩ አለቀና አዲሱ ዝም አለ።

«ይበቃል?» አሉ ዩኑስ።

«ይበቃል፣ ጋሽ ዩኑስ።»

* * *

ሓይሉ ስልኩን ያነሣው ከአማቹ ሱቅ ውስጥ ሆኖ ነው። መቀሌ ከገባ ወዲህ ሚስማርና ቧንቧ ይሸጣል። ድምፁ ገና ከመነሻው የተጠነቀቀ ነበር።

«ወርቂ? ደህና ነሽ? ምን ተፈጠረ?»

«ደህና ነኝ። ክፉ ነገር የለም። ሓይሉ፣ መሣሪያው ተገኘ።»

«የቱ መሣሪያ?»

«የኛ። አትንኩኝ፣ እየተነፈስኩ ነው።»

ከበስተኋላው ሰው ስለ ሲሚንቶ ሲጠይቅ ይሰማታል። ሓይሉ ለሰውየው አልመለሰም። እሷ ስለ ገዳሪፍ ገበያ፣ ስለ ዩኑስ፣ ስለ ፓምፑ ላስቲክ ነገረችው። ሁሉንም ሲሰማ ቆየና፣ «እኔ እኮ ረስቼዋለሁ» አለ ቀስ ብሎ። «ያንን ሥራ እንዴት እንደሚሠሩት ራሱ ረስቼዋለሁ።»

«ይሁን። ከሌላ መለኪያ ጋር አስተያየነው።»

«ከምን ዓይነት መለኪያ ጋር?»

«በናይትሪክ ኦክሳይድ ከሚሠራ ጋር።»

«በአንድ ቱቦ?»

«በአንድ ቱቦ።»

«ቱቦው ቴፍሎን ነው? ሌላ ፕላስቲክ እንዳይሆን፣ ኦዞኑን ይበላዋል!»

«ቴፍሎን ነው።»

«ማጣሪያውን ቀይረሻል? ዜሮ አይታችኋል? ቱቦዎቹን አለዋውጣችኋል?» ድምፁ እየፈጠነ መጣ፤ እጁን እያወናጨፈ እንደሆነ ሳታየው ታየው ጀመር። «ለዋውጣችሁ ካላያችሁ እኮ ልዩነቱ ከቱቦው ነው እላለሁ፣ አትፍረጅብኝ!»

«ረሳሁት አላልህም?» አለችና ሳቀች።

«አትሳቂ። ጭስ መጥቶ ነበር?»

«መጥቶ ነበር።»

«እሺ?»

«ያንተ ጉብታ እውነት ነው። አዲሱም ወጥቷል፤ ጭሱ ኦዞን ይወልዳል። ግን አሮጌው ካየው ጭማሪ ግማሹ ገደማ ኦዞን አይደለም፤ ጭሱ ራሱ ብርሃኑን እየዋጠበት ነው። ግማሹ አንተ ነህ፣ ግማሹ እኔ።»

ከመቀሌ በኩል ትልቅ ሳቅ መጣ። ባለ ሲሚንቶው ሰውዬም ምን ተገኘ ሲል ይሰማል።

«አሸነፍሁ!» አለ ሓይሉ።

«ግማሹን አልሁህ እኮ!»

«ግማሽ ኦዞን ኦዞን ነው! የለም ስትይ አልነበር እንዴ፣ ጨርሶ የለም ስትይ?»

«አንተስ መሣሪያው አይሳሳትም ስትል አልነበር?»

ክርክሩ ከነበረበት ተነሣ። ሓይሉ ያችን ዓመት አስታወሳት፣ እሷም ሌላዋን ዓመት አስታወሰችው፤ ሚስቱ ሾርባ ደፍታ ሁለታችሁም ውጡልኝ ያለችበትን ማታ አነሡ። እየሳቁ ሳለ ሓይሉ ድንገት ረጋ አለ።

«ወርቂ፣ ንፋሱ ከየት ነበር?»

«ከምሥራቅ።»

«ከኛ በኩል።»

«ከኛ በኩል ነው። ሽታው ራሱ እንደዚያው ነው፣ ሓይሉ። የሰሊጥ ነው።»

ሓይሉ «በስልክ ፎቶውን ላኪልኝ፤ መስመሮቹን ልያቸው» አለ። «ሰውዬውንም አንዴ ላስተናግደው፤ ሊሄድብኝ ነው።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ጥሪያቸው ተለወጠ። የሞተና የተቀበረ ወሬ አልጠፋም፤ ግን ከእሱ ቀጥሎ ሁልጊዜ አንድ የሚጨቃጨቁበት ነገር አለ። ሓይሉ ማታ ሱቅ ዘግቶ የላከችለትን ቁጥሮች ያሰላል፤ የድሮው የሑመራ ልኬት በጭስ ጊዜ ምን ያህል መቀነስ እንዳለበት ሁለቱ በስልክ ተከራክረው አንድ ስሌት አወጡ። ዩኑስ ያንን ስሌት ከውጤቱ ጋር አድርገው ለተመራማሪዎቹ ላኩ፤ ከሥሩም የሦስቱን ስም ጻፉበት። ወርቂ ስሟን በዚያ መልክ ተጽፎ ካየች ዓመታት አልፈዋል። ደጋግማ አነበበችው፤ ለናጂያም አነበበችላቸው።

«ማሻአላህ» አሉ ናጂያ። «የኔ ስም ግን የታለ? ጭሱን ያሸተትሁት እኔ አይደለሁ?»

* * *

ክረምቱ ገብቶ ወጣ። ዝናቡ አየሩን አጠበው፤ ጥቁሩ የገዳሪፍ አፈር ጭቃ ሆኖ ሎሪ ዋጠ፤ ወርቂም ቱነይድባ ተመልሳ አስተማረች። ማሽላው ሊታጨድ ሲል ዩኑስ እንደገና መጡ። በዚህ ጊዜ የትምህርት ቤቱን አጥር አልተደገፉም፤ በቀጥታ ገብተው ርእሰ መምህሩን አስፈቀዱ።

«ሲሊንደሩ መጣ» አሉ። «ተመራማሪዎቹ አሁን የሚፈልጉን በስተሰሜን፣ ኒው ሀልፋ ነው። እዚያ የሸንኮራ አገዳ ከመታጨዱ በፊት ይቃጠላል። የዚያ ጭስ አሮጌውን ምን ያህል እንደሚያታልለው ማየት ይፈልጋሉ። ሁለቱንም ይዘን እንሄዳለን። ተስሪሁ እነሆ።»

«ያለኔ አይሆንም?»

«እኔ ከመሣሪያሽ ጋር ገና አልተዋወቅሁም» አሉ እየሳቁ። «አንቺን ነው የሚሰማ።»

ከጥቂት ቀን በኋላ ወርቂ ቦክሲ ከሚሉት ፒካፕ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ ወደ ሰሜን ትጓዝ ነበር። ሁለቱ ሣጥኖች በናጂያ አሮጌ ፍራሽ ተጠቅልለው ከአጠገቧ ናቸው። መንገዱ ሲያንገጫግጭ እጇን አሮጌው ላይ ታሳርፋለች። ዩኑስ ከፊት ተቀምጠው ከሾፌሩ ጋር በዓረብኛ ስለ ዘንድሮ ምርት ያወራሉ። ሰፊው ሜዳ በሁለት ወገን ቢጫ ሆኖ ተዘርግቷል።

ስልኳ ጠራ። ሓይሉ ነው።

«ደረሳችሁ?»

«ገና ነን።»

«ስሚኝ፣ አንድ ነገር ሳስብ አደርሁ። የሸንኮራው ጭስ እንደ ሰሊጡ አይሆንም። ዘይት የለውም። አሮጌውን ብዙ አያታልለውም፤ ቃሌን ያዥልኝ።»

«እንዴት አድርጎ አያታልለውም? እርጥቡን እኮ ነው የሚያቃጥሉት! እርጥብ አገዳ የሚያወጣው ጭስ …»

«ወርቂ፣ እኔ የምልሽን …»

መስመሩ መቆራረጥ ጀመረ። እሷ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ቀጠለች፤ ሾፌሩ በመስተዋቱ እያያት ፈገግ አለ፤ ዩኑስም ዘወር ብለው፣ «ተጀመረ» አሉት በዓረብኛ።